ቆጣሪው ነቅቷል፤ መስመሩስ?

በዓለም ከተማ የገበያ ቀን ወፍጮ ቤት ሞቅ ይላል። በአንድ በኩል የጤፍ፣ በሌላ በኩል የማሽላ ጆንያ ተደርድሯል፤ አህያ ደጅ ላይ ታስሯል፤ ተራ ጠባቂው ብዙ ነው። ከራሱ እስከ እግሩ ዱቄት የለበሰው ወፍጮ ፈጪ ግን ጆሮው ሰው ላይ አይደለም፤ ሞተሩ ላይ ነው። የሞተሩ ድምፅ ወፈር ብሎ ማጓራት ሲጀምር የያዘውን ጥሎ ወደ ማጥፊያው ይሮጣል።

መሮጡ ያለ ምክንያት አይደለም። የወፍጮ ሞተር የሚሠራው በስሪ ፌዝ ነው። ከሦስቱ ሽቦዎች አንዱ ሩቅ ቦታ ላይ ቢበጠስ ወይም ትራንስፎርመሩ ላይ ያለ አንድ ፊውዝ ቢቃጠል ሞተሩ ቀጥ ብሎ አይቆምም። በቀሩት ሁለቱ እየታገለ ይግላል። ማጥፊያው ጋ ለመድረስ ጥቂት ከተዘገየ በውስጡ የተጠቀለለው የመዳብ ሽቦ ይነድዳል፤ የሚቀጥለው ወጪ የማስጠቅለል ነው፤ ከዚያ የባሰው ደግሞ ሥራ ፈቶ መክረም ነው። መከላከያ መሣሪያ የገጠመ ወፍጮ ቤት እንዲህ ያለ ሩጫ አያስፈልገውም። ያልገጠመው በጆሮው ይጠብቃል።

ሞተሩ ከተረፈ በኋላ ሌላ ጭንቀት ይመጣል። ከሩቅ ቀበሌ እህል ጭነው የመጡ ሰዎች አንድ ነገር ይጠይቃሉ፦ መቼ ይመጣል? የወፍጮው ባለቤት አያውቅም። 905 የሚደውል አለ፤ የሚያውቀውን ሠራተኛ ስልክ የሚፈልግም አለ። ከሁሉም በላይ የሚከብደው ግን መብራት የሚያቀርበው ተቋም ራሱ ብዙ ጊዜ መልሱን አለማወቁ ነው። ብልሽቱ የት እንዳለ የሚታወቀው የጥገና ቡድን ወጥቶ መስመሩን ምሰሶ በምሰሶ ሲያይ ነው።

ዓለም ከተማ በሰሜን ሸዋ ዞን የመርሐ ቤቴ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከሙከጡሪ ተነሥቶ በለሚ በኩል የሚመጣው መንገድ ወደ ጀማ ሸለቆ ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ እንደገና አቀበቱን ወጥቶ ነው የሚደርስባት። በሌላው ወገን ወንጪት አለ። በሁለት ወንዞች መካከል ወዳለ አምባ የሚዘረጋ መስመር ገደል መሻገሩ፣ ለመብረቅና ለነፋስ መጋለጡ፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ለጥገና ቡድን አስቸጋሪ መሆኑ አይቀርም። በዚያው ዞን ያሉትን መንዝንና ግሼን የሚያውቅ ሰው ይህንኑ ታሪክ ከነቁሩ ይነግርዎታል።

ሁለት ዓይነት ዘመናዊነት

ስማርት ግሪድ የሚለው ስም በመንግሥት ዕቅዶችና በአበዳሪዎች ሰነዶች ውስጥ እየተደጋገመ መጥቷል። አብዛኛው አንባቢ ስሙን ሲሰማ በዓይነ ልቡናው የሚያየው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ አዲስ ቆጣሪ ነው። ቆጣሪው ግን የነገሩ አንድ ጫፍ ብቻ ነው።

ሌላው ጫፍ ሰው የማያየው ነው። ከሰብስቴሽን በሚወጣው መስመር ላይ ችግር የት እንደተፈጠረ የሚጠቁሙ መሣሪያዎች፣ ቅርንጫፍ ለአፍታ ነክቷት የተቋረጠችን መስመር ራሳቸው መልሰው የሚያገናኙ ማብሪያዎች፣ የተበላሸውን ክፍል ለይተው ሌላው እንዲበራ የሚያደርጉ መቁረጫዎች፣ ይህን ሁሉ ከአንድ ክፍል ሆኖ የሚያይና የሚያዝ ማዕከል። እነዚህ ባሉበት አገር የጥገና መኪናው ከግቢ ሲወጣ የሚሄደው የመጠቆሚያው መብራት ብልጭ ወዳለበት ምሰሶ ነው። እኛ ዘንድ ግን ረጅም ዘመን የመስመር ሥራ የሠሩ ቴክኒሻኖች የሥራቸው ትልቁ ክፍል ፍለጋ እንደሆነ ያወራሉ። የተቃጠለች ፊውዝ መቀየር የደቂቃ ጉዳይ ነው፤ እሷን ማግኘት ግን ግማሽ ቀን ይወስዳል።

በእኛ አገር ፈጥኖ የተራመደው የቆጣሪው ወገን ነው። ሕዝቡ «ካርድ ቆጣሪ» የሚለው የቅድመ ክፍያ ቆጣሪ በብዙ ከተሞች ገብቷል። ካርዱ አገልግሎት ማዕከል ሄዶ ብር ይሞላበታል፤ ተመልሶ ቆጣሪው ውስጥ ሲገባ ሒሳቡ ይነበባል። «ሲስተም የለም» የተባለበት ቀን ካርዱን እንደያዙ መመለስ ነው። ለትላልቅ ፋብሪካዎች ደግሞ ፍጆታን በርቀት የሚያሳውቅ ስማርት ቆጣሪ መግጠም ከተጀመረ ቆይቷል። ክፍያን በስልክ መፈጸምም እየተለመደ ነው። ይህ ሁሉ ጥሩ ነው፤ ቆጣሪ አንባቢ ሳይመጣ ወራት አልፈው ድንገት የተከመረ ሒሳብ የደረሰው ሰው የካርድ ቆጣሪን ዋጋ ያውቃል።

> ብሩ ሲያልቅ ቆጣሪው በሰከንድ ያውቃል። መስመሩ ሲቋረጥ የሚያውቀው ደንበኛው ነው።

ነገር ግን ልብ ይበሉ። የገባው ቴክኖሎጂ የመጀመሪያ ሥራው ገቢ መሰብሰብ ነው። ደንበኛው ክፍያ ቢያዘገይ ማንም ሰው ሳይላክ መብራቱ ይጠፋል። ተቋሙ አቅርቦቱን ቢያዘገይ ግን ደንበኛው የሚይዘው ማስረጃ እንኳ የለውም፤ የቆየበትን ሰዓት በቃሉ መናገር ብቻ ነው። የፖሊሲው ጥያቄ ከዚህ ይጀምራል፤ የቴክኖሎጂ ጉዳይ የሚመስለው ማን ለማን ግዴታ እንዳለበት የሚወስን የሕግ ጉዳይ ነው።

አዋጁ ማንን ያዛል?

የኤሌክትሪክ ተቋማችን ስሙን ብዙ ጊዜ ቀይሯል። በ1948 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መብራት ኃይል ባለሥልጣን ተባለ፤ ዛሬም ሽማግሌዎች «መብራት ኃይል» ማለታቸው ከዚያ የቀረ ነው። በ1989 ዓ.ም. ኮርፖሬሽን ሆነ። በዚያው ዓመት በወጣው የኤሌክትሪክ አዋጅ የመጀመሪያው ተቆጣጣሪ ኤጀንሲ ተፈጠረ። በ2006 ዓ.ም. ኮርፖሬሽኑ ለሁለት ተከፈለ፦ ማመንጨቱንና ከፍተኛ መስመሩን የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ስርጭቱንና ሽያጩን የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ያዙ። በዚያው ዓመት የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810 ወጣ፤ የኢነርጂ ባለሥልጣን ተቋቋመ። ዛሬ ያ ባለሥልጣን ከነዳጁ ጋር ተጣምሮ የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ተብሏል።

አዋጁ ለባለሥልጣኑ የሰጠው ሥራ ቀላል አይደለም። የማመንጨት፣ የማስተላለፍ፣ የማከፋፈልና የመሸጥ ፈቃድ ይሰጣል። የኤሌክትሪክ ሥራ ተቋራጮችን ብቃት ያረጋግጣል። የኃይል ብክነት እንዲቀንስ ይሠራል። የብሔራዊ የኃይል ቋቱን (ግሪዱን) ታሪፍ ግን ራሱ አያጸድቅም፤ ተቋሙ ያቀረበውን መርምሮ ለመንግሥት ያስተላልፋል። ከቋቱ ውጭ ያሉ አነስተኛ አቅራቢዎችን ታሪፍ ራሱ ያጸድቃል። ስለዚህ በአንድ ሩቅ ቀበሌ በፀሐይ ኃይል ሃምሳ ቤት የሚያበራ ባለሀብት ፊት ባለሥልጣኑ ሙሉ ዳኛ ነው፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ደንበኛ ባለው ተቋም ፊት ግን አማካሪ ይሆናል።

የኢነርጂ ሕግ የሚከታተሉ ሰዎች ሁለተኛም ችግር ያነሣሉ። አቅራቢው የመንግሥት ነው፤ ተቆጣጣሪውም የመንግሥት ነው። ባለሥልጣኑ አቅራቢውን ቢቀጣ ቅጣቱ ከማን ኪስ ይወጣል? ዞሮ ዞሮ ከደንበኛው ነው። ክርክሩ ውኃ ያነሣል። ቢሆንም መልስ የሌለው አይደለም፤ ኋላ ላይ እንመለስበታለን።

መስመርን የሚጠብቅ ሕግ ደግሞ አለ። የቴሌኮምና የኤሌክትሪክ ኃይል ኔትዎርክን ደኅንነት ለመጠበቅ በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 464 ሽቦ ለሚቆርጥና መሣሪያ ለሚሰርቅ ከባድ ቅጣት አስቀምጧል። መሆንም ያለበት ነው። ነገር ግን ሕጎቹን አንድ ላይ አስቀምጦ ላነበበ ሰው አንድ ነገር ይታያል፤ ደንበኛው፣ ሌባው፣ ተቋራጩ ግዴታቸው በአንቀጽ ተዘርዝሯል። አቅራቢው በዓመት ስንት ጊዜ፣ ለስንት ሰዓት ቢያቋርጥ ምን እንደሚከተለው ግን ወፍጮ ቤት ድረስ የወረደ ቃል የለም።

የበዓል ዋዜማ ጥሪ

ስማርት ግሪድ ባላቸው አገሮች ከሚመሰገኑት ነገሮች አንዱ ፍላጎትን ማለዘብ ነው። ሁሉም ሰው በአንድ ሰዓት ኃይል ሲፈልግ ትላልቆቹ ተጠቃሚዎች ለጥቂት ሰዓት ይቀንሳሉ፤ በምላሹ ዋጋ ይቀነስላቸዋል። ነገሩ ለእኛ እንግዳ ይመስላል፤ አይደለም። እኛ በየበዓሉ ዋዜማ እናደርገዋለን።

እንቁጣጣሽ፣ ገና፣ ፋሲካ ሲቃረብ ከፍተኛ ኃይል የሚወስዱ ፋብሪካዎች በዋዜማውና በዕለቱ ከቋቱ ኃይል እንዳይጠቀሙ በመገናኛ ብዙኃን ይጠየቃሉ። የካርድ ደንበኞችም ቀደም ብለው እንዲሞሉ ይመከራሉ። ምክንያቱ ምጣድ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሦስት ኪሎዋት በላይ ይስባል፤ አንድ ሰፈር ሙሉ በአንድ ማለዳ እንጀራ ሲጋግር ትራንስፎርመሩ ምን እንደሚሆን መገመት ነው። የኃይል ባለሙያዎች በምጣድ ብቃት ላይ ደረጃ ማውጣት ይገባል የሚሉትም ለዚህ ነው፤ የሚባክነውን ሙቀት መቀነስ ማመንጫ እንደመሥራት ይቆጠራል።

የእኛ ማለዘቢያ እንግዲህ ሬዲዮና መልካም ፈቃድ ነው። ፋብሪካው መቀነሱን የሚለካ፣ ለቀነሰውም የሚከፍል አሠራር የለውም። ከዚህ የከፋው ደግሞ እጥረት ሲመጣ የሚደረገው ነው። በግንቦት 2011 ዓ.ም. የግልገል ጊቤ ሦስት ውኃ ሲቀንስ በመላ አገሪቱ በፈረቃ ማዳረስ ተጀምሮ ነበር። ፈረቃ ማለት አንድን መስመር ሙሉ ማጥፋት ነው። ጤና ጣቢያውና ጭፈራ ቤቱ በአንድ መስመር ከተቀመጡ አብረው ይጨልማሉ። ለያይቶ የሚያጠፋ መሣሪያ ቢኖር ለእያንዳንዱ ቤት አምፖልና ስልክ የሚበቃ ያህል ትቶ ምጣዱን ብቻ ማገድ ይቻል ነበር።

አሁን ይህ ጉዳይ ወደ ሰሜን ሸዋም ቀርቧል። በመስከረም 2017 ዓ.ም. ለሚ ላይ ታላቅ የሲሚንቶ ፋብሪካ ተመርቋል፤ ከዓለም ከተማ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው በዚያው አካባቢ ያልፋል። እንዲህ ያለ ፋብሪካ ኃይሉን የሚወስደው ከከፍተኛ መስመር ነው፤ ከወፍጮ ቤቱ ጋር ምሰሶ አይጋራም። በአንድ ዞን ውስጥ አንዱ ፍጆታው በየደቂቃው የሚለካለት ደንበኛ ሲሆን ሌላው መቋረጡ እንኳ የማይመዘገብለት ሆኖ ይቀራል። በሕግ ፊት ግን ሁለቱም ደንበኛ ናቸው።

ኔትወርክ የሌለ ለት

ቆጣሪውም ሆነ በመስመር ላይ የሚሰቀለው መጠቆሚያ መልእክቱን የሚልከው በአብዛኛው በሞባይል ኔትወርክ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተፈጠረው ግጭት የሞባይል ኢንተርኔት በክልሉ ለወራት ተቋርጦ እንደነበር አንባቢ ያስታውሳል። ሞባይል ባንኪንግ ቆመ፤ በስልክ መክፈል የለመደ ሰው ወደ ጥሬ ብር ተመለሰ። በእነዚያ ወራት የከተማ መብራት ሙሉ በሙሉ በኔትወርክ ላይ ተንጠልጥሎ ቢሆን ኖሮስ? ካርዱ ሳይሞላ ሲቀር ቆጣሪው ምክንያት አይጠይቅም።

ለዚህ መድኃኒቱ ቴክኒካዊ ብቻ አይደለም። «ኔትወርክ በተቋረጠበት አካባቢ የቅድመ ክፍያ ቆጣሪ ሒሳብ አልቆበት ቢሆንም ለዚህን ያህል ቀን አያቋርጥም» የሚል አንድ አንቀጽ ይበቃል። ቆጣሪው በፋብሪካ ሲሠራ እንዲህ ተደርጎ እንዲዋቀር ማዘዝ የሚችለው ደግሞ ተቆጣጣሪው ነው፤ ዕቃው ከገባ በኋላ ማስተካከል ምን ያህል አድካሚ እንደሆነ ዓለም አይቷል። በብዙ አገሮች የሚሠራበት ባለ 20 አኃዝ የክፍያ ቁጥር ጊዜን የሚቆጥረው እ.ኤ.አ. ከ1993 መጀመሪያ አንሥቶ በደቂቃ ነበር። ለቁጥሩ የተሰጠው ቦታ እ.ኤ.አ. ኅዳር 24 ቀን 2024 ሞላ። ደቡብ አፍሪካን የመሰሉ አገሮች ከዚያ ቀን በፊት ሚሊዮኖች ቆጣሪዎችን አንድ በአንድ ለማደስ ላይ ታች ሲሉ ከረሙ። ያልታደሰው ቆጣሪ ብር ያለው ባለቤቱ ቁጥር ቢያስገባ አልቀበልም ይላል።

ሌላው ስስ ጉዳይ መረጃው ነው። በየግማሽ ሰዓቱ የሚነበብ ቆጣሪ ቤተሰቡ መቼ እንደሚነሣ፣ መቼ እንደሚጋግር፣ ቤቱ ለስንት ቀን ባዶ እንደቆየ ይናገራል። በሰላም አገር ይህ የማስታወቂያ ነጋዴ ጉዳይ ነው። ግጭት ባለበት አካባቢ ማን ቤቱ እንዳለና ማን እንደሌለ ማወቅ ሌላ ትርጉም አለው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 መሠረቱን ጥሏል፤ ቁጥጥሩንም ለኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሰጥቷል። የቆጣሪ ንባብን ማን፣ ለስንት ጊዜ፣ በማን ፈቃድ እንደሚይዘው በዝርዝር መጻፍ ግን የኢነርጂው ተቆጣጣሪ ሥራ ነው፤ ሁለቱ ባለሥልጣናት በአንድ ጠረጴዛ ካልተቀመጡ ጉዳዩ በመካከል ይወድቃል።

ከቫተርሽቴተን እስከ ሕንድ

ዓለም ከተማ ከጀርመን ጋር የቆየ ወዳጅነት አላት። የካርልሃይንስ በም «ሰዎች ለሰዎች» ድርጅት በመርሐ ቤቴ ብዙ ሠርቷል፤ በሙኒክ አጠገብ ያለችው ቫተርሽቴተንም እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ የዓለም ከተማ አጋር ናት። ስለዚህ ከሩቅ ከመጥቀስ ከዘመድ ቤት መጀመር ይሻላል።

ጀርመን ስለ ስማርት ቆጣሪ ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ሕጉ ቆጣሪውን ከውጭ ጋር የሚያገናኘው ሣጥን በመንግሥት የመረጃ ደኅንነት መሥሪያ ቤት እንዲመረመር አዘዘ። ምርመራው ዓመታት ወሰደ። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ የሙንስተር ፍርድ ቤት የተጀመረውን ገጠማ አገደ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 አዲስ ሕግ አውጥተው ነው የቀጠሉት። ኔዘርላንድስም እ.ኤ.አ. በ2009 ቆጣሪውን በግዴታ ለማስገባት ስትሞክር የላይኛው ምክር ቤት ስለ ግላዊ ነፃነት ሠግቶ አልቀበልም አለ። መዘግየታቸው የሚያስቀና ባይሆንም መጀመሪያ የተጨነቁት ስለ ደንበኛው ነው።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው የሕንድ ነው። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2020 ማብቂያ የኤሌክትሪክ ተጠቃሚዎችን መብት የሚደነግግ ደንብ አወጣች። ደንቡ አዲስ ደንበኛ የቅድመ ክፍያ ቆጣሪ እንዲገጥም ያዛል። በዚያው ደንብ ውስጥ ግን አቅራቢው የተቀመጠለትን የአገልግሎት ደረጃ ሲጥስ ደንበኛው በራስ ሰር ካሣ እንዲያገኝም ያዛል። አፈጻጸሙ በየክፍለ ግዛቱ ይለያያል፤ ቆጣሪውን የተቃወመም ብዙ ነው። ቁም ነገሩ ሁለቱ ግዴታዎች በአንድ ወረቀት ላይ መጻፋቸው ነው።

> ብር የሚወስደው መንገድ ብር ለመመለስም ይሆናል።

ቅጣቱ ከማን ኪስ ይወጣል ወዳልነው እንመለስ። ካሣ የግድ በብር መሆን የለበትም። ከተወሰነ ሰዓት በላይ የተቋረጠበት ሰፈር ደንበኛ ካርዱን ሲሞላ ጥቂት ኪሎዋት ሰዓት ተጨምሮ ቢነበብለት፣ ለተቋሙ በዓመት መጨረሻ ስንት ኪሎዋት ሰዓት በካሣ እንደወጣ የሚያሳይ ቁጥር ይተርፈዋል። ያ ቁጥር ሥራ አስኪያጅ የሚጠየቅበት ይሆናል። የወፍጮ ቤቱን የተቃጠለ ሞተር አይመልስም፤ ሆኖም የትኛው መስመር እንደሚያስቸግር በየወሩ ይናገራል።

ዋጋው ሲጨምር

ታሪፉ ከአሥር ዓመት በላይ ሳይነካ ቆይቶ በ2011 ዓ.ም. ደረጃ በደረጃ መጨመር ጀመረ። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በየሦስት ወሩ የሚጨምር የ4 ዓመት መርሐ ግብር በሥራ ላይ ነው። በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀሙ ቤቶች ዝቅተኛው ዋጋ ይታሰብላቸዋል። ተቋሙ ከሚያወጣው ወጪ በታች እየሸጠ መስመር ማደስ አይችልም የሚለው ክርክር እውነት አለው፤ የበሰበሰ የባሕር ዛፍ ምሰሶ በኮንክሪት የሚተካው በገንዘብ ነው።

በሌላ በኩል የኃይሉ ምንጭ ሰፍቷል። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ወደ ኬንያ በከፍተኛ መስመር ኃይል መሸጥ ከተጀመረም ዓመታት አልፈዋል። የቤንዚን የቤት መኪና ማስገባት ከታገደ ወዲህ ደግሞ በየግቢው መኪና የሚሞላ አዲስ ደንበኛ መጥቷል። ከእንግዲህ በወረዳ ከተማ መብራት ሲጠፋ «ኃይል የለም» ማለት የሚያስኬድ ምክንያት አይሆንም። የጎደለው የመጨረሻው መስመር ነው፤ ትራንስፎርመሩ፣ ሽቦው፣ መቁረጫው።

መንግሥት በ2011 ዓ.ም. ያሻሻለው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ አገልግሎት ማዳረሻ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2025 ሁሉንም ዜጋ ለማዳረስ አልሞ ነበር፤ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን በቋቱ፣ ቀሪውን ከቋቱ ውጭ። ማዳረስ የሚለካው በተገናኘ ቤት ቁጥር ነው። በዚህ መለኪያ የዓለም ከተማ ወፍጮ ቤት ደርሶታል፤ ቆጣሪ አለው፤ ተገናኝቷል። ሞተሩ በሳምንት ስንት ቀን እንደዞረ ግን በዚያ መዝገብ ላይ ቦታ የለውም።

የአሁኑ የታሪፍ መርሐ ግብር የሚያበቃው 2020 ዓ.ም. ሲጠናቀቅ ነው። ከዚያ በኋላ አዲስ የዋጋ ጥያቄ ለባለሥልጣኑ መቅረቡ አይቀርም። ባለሥልጣኑ ከአሁኑ ጀምሮ በእያንዳንዱ መስመር ላይ በዓመት ስንት ጊዜ፣ ለስንት ሰዓት እንደተቋረጠ በወረዳ ተለይቶ እንዲቀርብለት ቢያዝ ያን ጊዜ ዋጋውን የሚመረምረው የመቋረጡን መዝገብ አጠገቡ አድርጎ ይሆናል። ለዚህ የአገሩ ቆጣሪ ሁሉ እስኪቀየር መጠበቅ አያሻም። ከሰብስቴሽን በሚወጣው መስመር ላይና በከተማው ትራንስፎርመሮች ላይ አንድ አንድ መለኪያ ሰቅሎ መጀመር ይቻላል፤ ሦስቱም ፌዝ መኖሩን፣ አንዱ ከጎደለም ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደጎደለ የሚመዘግብ ከሆነ ይበቃል።